ራጁ ንጹሕ ነው ቢባልም ክርኑን አታሳሺው

እህቴ፣ «የ6 ዓመት ልጄ ትናንት ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ ክርኑ አበጠ፤ ራጁ ስብራት የለውም ተባለ፤ እጁን ግን አያንቀሳቅስም፤ አማቴ ወጌሻ ይየው ይላሉ» ያልሽው የራሴን ልጅ አስታወሰኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ልጄ በ5 ዓመቱ ደረጃ ላይ ወድቆ በተዘረጋ እጁ አረፈ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ራጅ አንስቶ «ወለምታ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። እናቴ ወጌሻ አስጠራች፤ በቅቤ አሸው። ሲያለቅስ አደረ፤ ሲነጋ ክርኑ ተነፍቶ ነበር። ይዘነው ሐረር ወጣን።

የአጥንት ሐኪሙ ያንኑ ራጅ አይቶ ከክርኑ በስተኋላ ያለች ጠቆር ያለች ጥላ አሳየኝ። ስብ ናት፤ በጤነኛ ክርን በዚያ በኩል አትታይም። ውስጥ ደም ሲቋጥር ነው ተገፍታ የምትወጣው። የልጅ ክርን ብዙው ክፍል ገና አጥንት ስላልሆነ የአጥንቱ ስንጥቅ ራሱ በራጅ ላይታይ ይችላል። የእኔ ልጅ አጥንት ከቦታው ስላልተንሸራተተ የ3 ሳምንት ጄሶ በቃው። ቢንሸራተት ኖሮ በማደንዘዣ ተመልሶ በቀጭን ሽቦ ይያዝ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ እሽት ነው። እጅን የሚመግበው ደም ሥር የሚያልፈው በክርን ፊት ለፊት ነው፤ የተሰበረው አጥንት ሲታሽ ሊወጋው ይችላል። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ደግሞ እብጠቱ መሄጃ አጥቶ ደሙን ያቆማል፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። በዚህ ሰበብ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። አማትሽ ለልጅ ልጃቸው ሳስተው ነው፤ ይህንን ቀስ ብለሽ አስረጃቸው።

ዛሬውኑ ራጁን ይዘሽ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውሰጂው፤ የአጥንት ሐኪም ይየው። እጁን እንዳለ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥዪለት፤ ለማጠፍም ለመዘርጋትም አትታገዪ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ክብ እንዲሠራ ጠይቂው፤ ካቃተው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪ። ጣቶቹ ከነጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ስትዘረጊያቸው ከጮኸ፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሪ። ጄሶ ከታሰረለት በኋላም ጣቶቹን እያየሽ እደሪ።

በድሬ ሙቀት ጄሶው ያሳክከዋል፤ ስንጥር እንዳያስገባበት ጠብቂው። ሲወጣም ክርኑ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ያኔም እናቴ «ይታሽ» ብላ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ሐኪሙ እንዳለው በራሱ ጨዋታ ተወነው፤ በ2 ወር ግድም ኳስ ሲወረውር እጁ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ።