እንጆሪ ከበላሁ አልረሳም ማለት ነው? ስለ ፖሊፌኖልና ስለ እርጅና የተላኩ ጥያቄዎች

ስለ ምግብና ስለ ማስታወስ ችሎታ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ፤ አብዛኛውም አንድ ቃል ላይ ያተኮረ ነው፦ ፖሊፌኖል። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ያንን እያሰባችሁ አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖሊፌኖል ምንድን ነው? ቫይታሚን ነው?

አይደለም። ቫይታሚን ካጣን እንታመማለን። ፖሊፌኖል በማጣት ብቻ የሚመጣ የታወቀ በሽታ ግን የለም። ተክሎች ራሳቸውን ከፀሐይ፣ ከተባይና ከፈንገስ ለመከላከል የሚሠሯቸው ውህዶች ናቸው። በሺዎች የሚቆጠር ዓይነት አላቸው።

ስማቸው አዲስ ቢሆንባችሁም አፋችሁ ያውቃቸዋል። ብዙ የቆየ ሻይ ምላስ ሲያደርቅ እነሱ ናቸው። የካካዎ ምሬትም ከነሱ ነው፤ የጥቁር ወይን ልጣጭ ቀለምም እንደዚሁ። ጥሩ ያልተጣራ የወይራ ዘይት በማንኪያ ቅመሱ። ከዋጣችሁት በኋላ ጉሮሮን ቆንጠጥ አድርጎ ያስላል፤ ያ ኦሊዮካንታል የሚባል ፖሊፌኖል ነው። ፖም ቆርጣችሁ ስታስቀምጡ የሚጠቁረውም የፖሙ ፖሊፌኖል በኢንዛይም እየታገዘ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ነው። ይህን የፖም ጉዳይ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ የሚሠራው አንቲኦክሲደንት ስለሆነ ነው አይደል? ማሸጊያው ላይ እንደዚያ ይላል።

ማሸጊያው አርጅቷል። አንቲኦክሲደንት የሚባለው ሴሎችን ከዝገት መሰል ጉዳት የሚከላከል ነገር ነው። የበላነው ፖሊፌኖል አብዛኛው በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ደም አይገባም። ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል። ደም ውስጥ የሚደርሰው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ አንጎል ውስጥ ገብቶ ዝገት ይጠርጋል የሚለው ታሪክ ብዙም አያስኬድም።

አሁን ይበልጥ ትኩረት የሚሰጠው የደም ስር ነው። ፍላቫኖል የሚባሉት የካካዎና የሻይ ፖሊፌኖሎች የደም ስር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመርት ይረዳሉ፤ ያኔ ስሩ ላላ ይላል፤ ደምም በደንብ ያልፋል። አንጎል የሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 ከመቶ ገደማ ይወስዳል። ቧንቧው ሲደድር መጀመሪያ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ገምቱ። ሁለተኛው መንገድ ብግነትን፣ ብዙዎቻችን ኢንፍላሜሽን የምንለውን፣ ማርገብ ነው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሮማንና ዋልነት ውስጥ ያለውን ፖሊፌኖል አንዳንድ ሰው አንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ዩሮሊቲን ወደሚባል ውህድ ይቀይሩለታል። ሌላው ሰው እነዚያ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ አንድ ባልዲ ሮማን ቢበላም አያገኘውም። ሁለት ሰዎች አንድ ሳህን በልተው አንድ ዓይነት ነገር በልተዋል ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ማስረጃ አለ ወይስ ወሬ ነው? እኔ በምግብ ተአምር አላምንም።

ጥሩ አድርገሃል። ማስረጃ አለ፤ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አይስማሙም።

አንደኛው ሰዎች የሚበሉትን እየጠየቁ ለዓመታት መከታተል ነው። በ2012 የወጣ የአሜሪካ ነርሶች ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 16,010 ሴቶችን አይቷል። ብሉቤሪና እንጆሪ አዘውትረው የሚበሉት የማሰብ ችሎታቸው የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ነበር፤ ልዩነቱ እርጅናን እስከ ሁለት ዓመት ተኩል እንደማዘግየት ተገምቷል። በ2020 ደግሞ ቺካጎ ላይ 921 አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ሻይ፣ ቅጠላ ቅጠልና ባቄላ ውስጥ የሚገኘውን ፍላቮኖል (ከፍላቫኖል ጋር ስሙ ቢቀራረብም ሌላ የፖሊፌኖል ዓይነት ነው) በብዛት የሚያገኙት ጥቂት ከሚያገኙት ይልቅ በአልዛይመር የተያዙበት መጠን 48 ከመቶ ያነሰ ነበር።

ቁጥሩ ያጓጓል። ግን እንጆሪ የሚያዘወትር ሰው በእግሩም መሄድ ያዘወትራል፤ አያጨስም፤ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የቱ እንደረዳው በምን ትለያለህ?

ለዚህ ነው ሁለተኛው የሚያስፈልገው፦ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ አንዱን መስጠት፣ ሌላውን መንሳት። በ2015 የታተመ የስፔን ጥናት 447 ሰዎችን ከፍሎ ለአንዱ ቡድን በብዛት የወይራ ዘይት፣ ለሌላው በቀን 30 ግራም ዋልነትና መሰሎቹን ሰጠ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱም ቅባት ቀንሱ ከተባለው ቡድን የተሻለ የአእምሮ ፈተና ውጤት አመጡ። ደስ ይላል። በ2023 ግን 604 አረጋውያን የተሳተፉበት፣ ቤሪና ቅጠላ ቅጠል የበዛበት አመጋገብ ለሦስት ዓመት ተሞክሮ ከማነጻጸሪያው ቡድን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ሁለቱም ቡድኖች ክብደት ቀንሰው ሁለቱም ተሻሽለው ነበር።

እኔ ይጠቅማል ብዬ የምገምተው ቀድሞውኑ ፖሊፌኖል የሚጎድላቸውን ሰዎች ነው። ምክንያቱ የሚቀጥለው መልስ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ፍራፍሬ አትወድም። የካካዎ እንክብል ልግዛላት?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ላይ በቀጥታ የተሠራ ጥናት አለ። 3,562 አረጋውያን ለሦስት ዓመት በየቀኑ 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል ወይም ባዶ እንክብል ወሰዱ። ውጤቱ በ2023 ታተመ። ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲታይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ነገር ግን አመጋገባቸው ደካማ የሆነና ፍላቫኖል የሚያንሳቸው ሰዎች የማስታወስ ፈተናው ላይ ተሻሽለዋል። በደንብ የሚበሉት ምንም አልጨመሩም። የዚሁ ትልቅ ጥናት አካል በሆነ፣ 2,262 ሰዎች ላይ ለብቻው በተደረገ ሌላ ፈተና ደግሞ ካካዎው አጠቃላይ የአእምሮ ብቃት ላይ ለውጥ አላመጣም። ለጥናቱ ድጋፍ ከሰጡት መካከል ቸኮሌት አምራቹ ማርስ እንዳለበትም እወቂ። ስላለበት ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ግን ሳልነግርሽ ባልፍ ደስ አይለኝም።

እናትሽ ከሚያንሳቸው ወገን ልትሆን ትችላለች። ያም ሆኖ ከእንክብል በፊት የምትወደውን ፈልጊ። ፍራፍሬ ማለት የግድ ጥሬ ብርቱካን አይደለም። ሻይ ትወዳለች? ቀይ ሽንኩርት? ባቄላ? የቀዘቀዘ ቤሪ ከእርጎ ጋር? ማቀዝቀዣ አንቶሲያኒንን፣ ማለትም ለቤሪ ቀለሙን የሚሰጠውን ፖሊፌኖል፣ በደንብ ያቆየዋል፤ ትኩሱ ካልተገኘ አትጨነቂ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየቀኑ ጥቁር ቸኮሌት ብበላስ? 85 ከመቶ የሚለውን።

85 የሚለው የካካዎውን መጠን እንጂ የፍላቫኖሉን አይነግርህም። ካካዎ ምሬቱ እንዲቀንስ በአልካሊ ሲታከም አብዛኛው ፍላቫኖል ይጠፋል፤ ቀለሙ ግን ይበልጥ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁረቱ አያታልህ። ብላ፤ ግን ስለሚጥምህ ብላ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ብሉቤሪና ሙዝ ፈጭቼ እጠጣለሁ። ልክ ነኝ?

አሁን ወደ ፖሙ እንመለስ። የሚያጠቁረው ኢንዛይም ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ ይባላል፤ ሙዝ ውስጥ ሞልቷል። በ2023 በወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ሰዎች በሙዝ የተፈጨ መጠጥ ሲጠጡ ደማቸው ውስጥ የታየው ፍላቫኖል፣ ፍላቫኖሉን በእንክብል ከወሰዱበት ጊዜ በ84 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በቤሪ ብቻ የተፈጨው ይህን ያህል አልቀነሰም። ሙዝ ጥሩ ምግብ ነው፤ ለብቻው ብላው። ብሉቤሪህን ከእርጎ ወይም ከብርቱካን ጋር ፍጨው።

ጥያቄ፦ ቀይ ወይን ጠጅ ለአንጎል ይጠቅማል ይሉኛል ጓደኞቼ።

ጓደኞችዎ ሬስቬራትሮል ስለሚባለው የቀይ ወይን ፖሊፌኖል ሰምተው ይሆናል። አልዛይመር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የተሰጠው በመጨረሻ በቀን 2 ግራም ደርሶ ነበር። አንድ ሊትር ወይን ውስጥ ያለው ጥቂት ሚሊግራም ነው። ሒሳቡን ለእርስዎ ልተውልዎት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023 ለጤና አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ወይኑን በፍሬው ይብሉት።

ጥያቄ፦ መድኃኒት እወስዳለሁ። የሚጋጭ ነገር አለ?

ምግብ ሆኖ ሲበላ እምብዛም። ጣጣው የሚመጣው ተጨምቆና ተከማችቶ ሲመጣ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳለው፣ ዋናው የአረንጓዴ ሻይ ፖሊፌኖል በእንክብል መልክ በቀን 800 ሚሊግራም ሲደርስ ጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ያሳያል። ከቁንዶ በርበሬ ውህድ ጋር የተሠሩ የእርድ እንክብሎችም ጉበት እንደጎዱ የሚገልጹ ሪፖርቶች አሉ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቅጠላ ቅጠሉን ድንገት አይጨምር፤ ነገሩ የፖሊፌኖል ሳይሆን የቫይታሚን ኬ ነው። ግሬፕፍሩት ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የግፊት መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ደም ማነስ ካለብዎት ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይጠጡ፤ የአይረንን መግቢያ ይዘጋሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስም ይረሳል፤ ባለፈው ወር መንገድ ጠፍቶበት ነበር። የቱን ምግብ ላብዛለት?

ምግቡን ለጊዜው ተወውና ሐኪም ዘንድ ውሰደው። በዚህ ሳምንት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒትም እንዲህ ያደርጋል፤ የሚታከም ሆኖ ሳለ በእንጆሪ ጊዜ እንዳታጠፋ። ጆሮውንም አስመርምር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 ያወጣው ትልቅ ሪፖርት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ሊቀየሩ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ ብቸኝነት አሉበት። ቤሪ ማነስ የለበትም። እንዲህ የምልህ ስለ ፖሊፌኖል እየጻፍኩ ውዬ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ 93 ዓመታቸው ነው። ፍራፍሬ በአፋቸው አይዞርም፤ የሁላችንንም ልደት ግን በቃላቸው ያውቃሉ። ምን ይላሉ?

አንድ ሰው ጥናት አይሆንም። ግን እስቲ ልጠይቅህ፦ ቡና ይጠጣሉ? ሻይስ? ሽንኩርት፣ ምስር፣ ባቄላ? ከሆነ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖሊፌኖል ሲበሉ ኖረዋል። በፍራፍሬ አታስጨንቃቸው።