መልስ፦ የቫልቭ ቴሌቪዥን ምስል በብናኝ ሲሸፈን

ደሴ ያሉት ጠያቂ፣ በቫልቭ (በመስታወት የኤሌክትሮን ቱቦ) የሚሠራው የድሮ ቴሌቪዥናቸው ምስል በብናኝ፣ ማለትም በሚርመሰመስ ነጭ ነጠብጣብ፣ ተሸፍኖ የጣቢያ መቀየሪያውን ሲነቀንቁት ለአፍታ ይጠራል ብለዋል። ሞገዱን ጋረደ ብለው የጦሳን ተራራ ከመውቀስዎ በፊት የቲዩነሩን (ጣቢያ የሚመርጠውን ክፍል) ንክኪዎች ይመልከቱ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሻሲው (ዕቃዎቹ የተገጠሙበት ብረት) በቀጥታ ከመብራት መስመር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ኮንደንሰሮቹም ከተነቀለ በኋላ ኃይል ይይዛሉ፤ በሬዚስተር አራግፈው በሜትር ያረጋግጡ። ከዚያ የጠቆሩትን ንክኪዎች በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀት በጭራሽ! የብር ቅቡን ይልጠዋል። የመዳብ ጥቅልሎቹንም አይንኩ፤ ትንሽ ከተጣመሙ ጣቢያው ይሸሻል።

ካልጠራ የመጀመሪያውን ማጉያ ቫልቭ ይለውጡ፤ በብዙ የአውሮፓ ስሪቶች ፒሲሲ88 ወይም ፒሲሲ189 ነው። በፒሲሲ88 ፋንታ ኢሲሲ88 አይሰኩ፤ የቫልቮቹ ማሞቂያ ክር በ300 ሚሊ አምፒር ተከታትሎ የተያያዘ ነው፤ ኢሲሲ88 ደግሞ ለዚህ ጅረት አልተሠራም።

ብናኙ ራሱ ከጠፋና ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሚክሰሩ (የጣቢያውን ሞገድ ድግግሞሽ የሚቀይረው ክፍል) ወይም ከሱ በኋላ ያለው ማጉያ ላይ ነው።