በአፍጋኒስታናውያን ምግብ ቤት መመገብ ይገባልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በአሌክሳንድርያ አካባቢ ነው። ከቤታችን አጠገብ የአፍጋኒስታን ሰዎች የከፈቱት ምግብ ቤት አለ፤ በበሩም ላይ «ሐላል» የሚል ተጽፎበታል። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ሄደው ሩዝ በበግ ሥጋ በልተው መጡ። ባለቤቴ «እዚህ አገር የምንገዛውን ሥጋ ማን እንዳረደው መቼ ታውቂያለሽ?» ይለኛል፤ እኔ ግን እናቴ ያስተማረችኝን ማፍረስ ከበደኝ። እዚያ መመገብ ኃጢአት ነውን? በጾም ቀንስ አትክልት አዝዘን መብላት እንችላለንን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ አስቀድመን መብሉንና ሥርዓቱን ለይተን እንመልከት። በሐዲስ ኪዳን መብል በተፈጥሮው ርኩስ አይባልም። ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ክፉ ሐሳብ እንጂ ወደ ሆድ የሚገባው እንዳልሆነ አስተምሯል (ማር. 7)፤ ቅዱስ ጴጥሮስም በኢዮጴ ባየው ራእይ እግዚአብሔር ያነጻውን እንዳያረክስ ተነግሮታል (ሐዋ. 10)። ስለዚህ የጎረቤትዎን ድስትና ሳህን መጸየፍ ከክርስትና የመጣ ትምህርት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ንግግር በልጆችዎ ፊት እንዳይነገርም ይጠንቀቁ።

ጥያቄው የሚከብደው ሥጋው ላይ ሲደርስ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ አራጅ ቢላዋውን ሲያነሣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላል፤ ሙስሊሙም «ቢስሚላህ» ብሎ ያርዳል። ከዚህም የተነሣ እርድ ለአባቶቻችን የእምነት ምስክርነት ሆኖ ስለ ኖረ፣ አንዱ የሌላውን እርድ ቢበላ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠርበት ነበር። ይህ ሥርዓት ግን በጠብ የቆመ አይደለም። በወሎ ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብቱን በሙስሊም ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል።

አንዳንድ ምእመናን የሐላልን ሥጋ በቀጥታ ለጣዖት ከተሠዋ ሥጋ ጋር አንድ ሲያደርጉት ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ሙስሊሞች ለጣዖት አይሠዉም፣ በአስተራረዳቸውም ደሙ እንዲፈስ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ጉባኤ የከለከሉት ለጣዖት የተሠዋ፣ ደምና ታንቆ የሞተ (ሐዋ. 15) በቃሉ በቀጥታ አይመለከተውም። የምንታቀበው ትውፊታችንን ስለምንጠብቅና ለወንድም ኅሊና ስለምንጠነቀቅ ነው፤ ጉዳዩ የሥርዓት እንጂ የዶግማ አይደለም፤ በሥርዓትነቱ ግን አይናቅም።

ባለቤትዎ ያነሡት ነጥብ መልስ ይገባዋል። ቅዱስ ጳውሎስ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ስለ ኅሊና ሳንመረምር እንድንበላ ፈቅዷል፤ ወዲያውም «ይህ የተሠዋ ነው» ብሎ የሚነግረን ሰው ቢኖር ስለ ነገረን ሰውና ስለ ኅሊና ስንል እንድንተው አዝዟል (1ኛ ቆሮ. 10)። ከሱፐርማርኬት የተገዛው ሥጋ ታሪኩ ካልታወቀ ከፊተኛው ቃል ጋር ይሄዳል። በበሩ ላይ «ሐላል» ብሎ የጻፈ ቤት ግን ነግሮናል፤ አላወቅሁም ማለት አይቻልም። ሐዋርያው የሚናገረው ለጣዖት ስለ ተሠዋው ቢሆንም፣ ለወንድም ኅሊና መጠንቀቅን የሚያስተምረው ትምህርት ለእኛም ይሠራል። የእርስዎ ኅሊና እየከበደው፣ ልጆቹም የእናታቸውን ጭንቀት እያዩ ከዚያ ሥጋ መብላት አይጠቅምም፤ ስለዚህ ሥጋውን ተዉት።

ቤቱን ግን አትሽሹት። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እኛው በስደት የመጡ ናቸው፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ወረራ በኋላ፣ ዳግመኛም በ2021 ታሊባን ካቡልን ከያዘ በኋላ አገራቸውን ጥለው የወጡ አሉባቸው። «በእምነታችን ሥርዓት ምክንያት ሥጋውን አንበላም» ብትሏቸው ቅር የሚላቸው አይመስለኝም፤ ከሐላል ውጭ የማይበላ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ይረዳል። ከመብላታችሁ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ማድረስና ማዕዱን በመስቀል ምልክት ማማተብ ልጆች ሊያፍሩበት የሚገባ ነገር አይደለም።

የጾም ቀን ጥያቄዎ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የአፍጋኒስታን ምግብ ከአትክልት ብቻ የተሠራ መስሎ የሚታይበት ብዙ ነውና። ካሮትና ዘቢብ ያለበት ቃቡሊ ፑላው የሚባለው ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚበስለው በበግ ወይም በሌላ ሥጋ መረቅ ነው፤ ሥጋውን ከላዩ ቢያነሡልዎትም ሩዙ የጾም አይሆንም፤ ከላይ ባልነው ምክንያት በፍስክ ቀንም ሥጋውን ብቻ መለየት አይበቃም። ቦራኒ ባንጃን የተባለው በቲማቲም የተሠራ ደበርጃን በላዩ እርጎ ይፈስበታል። ድንች ወይም ቅጠል የተሞላበት ቦላኒ የሚባለው ቂጣ በዘይት ከተጠበሰ ጥሩ ነው፣ እርጎው ግን ከጎኑ ይቀርባልና እንዳይመጣ ይንገሩ። ማንቱና አሻክ የሚባሉት በውስጣቸው የተሞሉ የሊጥ ምግቦች በተለመደው አሠራራቸው ሥጋና እርጎ አለባቸው። ናን ስለሚባለው ዳቦም ይጠይቁ፤ በአንዳንድ ቤት ሊጡ ውስጥ እርጎ ወይም ወተት ይገባል። ስፒናች፣ ቀይ ባቄላና ዱባ በዘይት ብቻ ከተሠሩ ይበላሉ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ለምሳ ግብዣ ብሎ ሰዓቱን አይሻር፤ ቀጠሮውን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ የጾሙ ጥያቄ አይነሣም፤ የሥጋው ጉዳይ ግን እንዳለ ነው።

ልጆቹ ስለ በሉት አትቆጧቸው፤ ሳያውቁ አድርገውታልና። ምክንያቱን አስረድተው ወደ ነፍስ አባታችሁ ይውሰዷቸው፤ ቀኖና ያስፈልጋቸው እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ባለቤትዎም አብረው ቢሄዱ መልካም ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሥርዓት ካለ ልጆቹ የቀለላቸውን ይመርጣሉና።