የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፕሬዚዳንቶች በጡረታና በአገር ደህንነት ሲመዘኑ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ በባሕር ዳር ከተማ ለሠላሳ አራት ዓመታት በመምህርነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ማለዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ጣና ዳር ካለ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንጨዋወታለን። ባለፈው ሳምንት ሜሪላንድ የሚኖረው የአንደኛው ጓደኛችን ልጅ ለዕረፍት መጥቶ አብሮን ተቀምጦ ሳለ፣ ለአሜሪካ ጡረተኞችም ሆነ ለአገሪቱ ደህንነት እንደ ሬገን የሠራ ፕሬዚዳንት የለም አለን። አንዱ ወዳጄ ሩዝቬልትን፣ ሌላው ካርተርን ጠቅሶ ተከራከረው፤ ነገሩ ሳይቋጭ ፀሐዩ በረታና ተለያየን። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድነት ስንመለከት የትኛው ፕሬዚዳንት ይበልጣል? ለመሆኑስ ጡረታንና አገር ጥበቃን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይገባልን?
ጡረተኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም የሚከፈሉት ከአንድ ሕዝብ ኪስ ነውና፣ የሁለቱም እውነተኛ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው የፈረመው ሰው ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነውና። እንግሊዝኛው እንዲያውም ለሁለቱም «ሴኩሪቲ» የሚል አንድ ቃል ይጠቀማል፤ እኛ አንዱን «ማኅበራዊ ዋስትና»፣ ሌላውን «ብሔራዊ ደህንነት» ብለን ስለምንጠራቸው ዝምድናቸው ይሰወርብናል። እኔ ፕሬዚዳንቶቹን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወጪውን ማን እንደሚሸከመው ለሕዝቡ በግልጽ ነግሯልን? (የአሜሪካን ጉዳይ በተመለከተ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንክሊን ሩዝቬልት የማኅበራዊ ዋስትናን ሕግ ኦገስት 14 ቀን 1935 ሲፈርሙ፣ ጡረታው ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚሰጥ ችሮታ እንዳይሆን ሠራተኛውም አሠሪውም ከደመወዝ ላይ እንዲያዋጡ አደረጉ። ሐሳባቸው፣ ከገዛ ላቡ ያዋጣን ሰው ጡረታ የትኛውም ፖለቲከኛ ሊነጥቀው አይደፍርም የሚል ነበር። ሆኖም ጅማሬው ላይ የመጪው ትውልድ ሸክም ይታያል፤ የመጀመሪያውን ወርሃዊ ክፍያ በጃንዋሪ 1940 የተቀበሉት የቨርሞንቷ ነዋሪ አይዳ ሜይ ፉለር በጠቅላላው ያዋጡት 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሲሆን፣ የመጀመሪያ ወራቸው ክፍያ ብቻውን 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር፤ መቶ ዓመት ኖረውም ከ22,000 ዶላር በላይ ተቀብለዋል። ልዩነቱን የከፈሉት ከእርሳቸው በኋላ ሥራ የያዙት ወጣቶች ናቸው። በሕጉ መጀመሪያ ላይ የእርሻ ተቀጣሪዎችና የቤት ሠራተኞች አልተካተቱም ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቁሮች ስለነበሩ፣ ሩዝቬልትን ስናመሰግን ይህን ጉድለት መዝለል አይገባም።

ትሩማን በ1947 የብሔራዊ ደህንነት ምክር ቤትንና የማዕከላዊ የስለላ ድርጅቱን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ፤ በ1950 ደግሞ የጡረታውን ክፍያ አሳደጉ፣ በዚያው ዓመት ወደ ኮሪያም ጦር ላኩ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር የዘመተው ወደዚያ ጦርነት ስለሆነ፣ የእነዚያ ሰዎች ውሳኔ እኛም ቤት ድረስ የደረሰ ነው።

ከጓደኞችዎ አንዳቸውም ያልጠቀሷቸው አይዘንሃወር ግን በእኔ ግምት ረዘም ያለ ቃል ይገባቸዋል። ጄኔራል ነበሩ፤ የኮሪያ ጦርነት በጁላይ 1953 በተኩስ ማቆም ስምምነት የተገታው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚያው ዓመት በአፕሪል ባደረጉት ንግግር፣ የሚሠራ ጠመንጃ ሁሉ፣ ባሕር ላይ የሚወርድ የጦር መርከብ ሁሉ ከተራበውና ከታረዘው ሰው ላይ የተወሰደ መሆኑን ተናገሩ። ይህን የተናገረው ጦር ሜዳ ውሎ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ክብደቱ ያን ያህል አይሆንም ነበር። የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ሆነው ሳለ፣ የተቀናቃኛቸው ፓርቲ የመሠረተውን ጡረታ አላፈረሱም፤ በ1954 የእርሻ ባለቤቶችን ጨምሮ ለሚሊዮኖች አሰፉት፣ በ1956 ደግሞ አካል ጉዳት ለደረሰባቸው ሠራተኞች ክፍያ እንዲጀመር ፈረሙ። በጃንዋሪ 1961 ሲሰናበቱም ሠራዊቱና የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪው ተሳስረው በመንግሥት ላይ ያልተገባ ኃይል እንዳይኖራቸው ሕዝባቸውን አስጠነቀቁ።

ይሁን እንጂ በ1954 የፈረሙት ያው ሕግ አንድ አሳዛኝ አንቀጽ ነበረው፤ በተወሰኑ ምክንያቶች ከአገር የሚባረር ስደተኛ ጡረታው እንዲቋረጥ ያዛል። ኤፍራም ኔስተር የተባሉ በ1913 ከቡልጋሪያ የመጡ ሰው ለዓመታት አዋጥተው በ1955 ጡረታ መቀበል ሲጀምሩ፣ ገና የጡረታው ሕግ ሳይወጣ በ1933 ገብተውበት በ1939 የወጡት የኮሚኒስት ፓርቲ አባልነት ተቆጥሮባቸው በ1956 ተባረሩ፤ ክፍያቸውም ተቋረጠ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1960 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተፈረደባቸው፤ መዋጮ ማዋጣት እንደ ውል የሚቆጠር የማይነካ መብት አይሰጥም፣ ኮንግረሱ ሕጉን ሊለውጠው ይችላል ተባለ። እርስዎ በአንድ ሚዛን ይቀመጡ እንደሆነ የጠየቋቸው ሁለት ጉዳዮች በአንድ ሽማግሌ ላይ የተገናኙት እዚህ ነው፤ በአገር ደህንነት ስም የሰው ጉርስ ተነጠቀ። ለአይዘንሃወር ካለኝ አክብሮት ጋር ይህን ላልፈው አልችልም።

ሊንደን ጆንሰን ዘንድ ስንደርስ ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት ቀን ልዩነት ተከታትለው እናገኛቸዋለን። ጁላይ 28 ቀን 1965 በቬትናም ያለው የአሜሪካ ጦር ከ75,000 ወደ 125,000 ከፍ እንዲል ማዘዛቸውን አስታወቁ፤ ጁላይ 30 ደግሞ ሚዙሪ ድረስ ሄደው፣ በሸመገሉት በትሩማን ፊት፣ ለአረጋውያን የሕክምና ዋስትና የሚሰጠውን የሜዲኬር ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ታላቅ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬም በሽተኛ ሽማግሌዎችን ከውርደት ያድናል። ጆንሰን ግን የጦርነቱንና የማኅበራዊ ሥራውን ወጪ ጎን ለጎን አስቀምጠው ግብር መጨመር እንደሚያስፈልግ ለሕዝቡ በጊዜው አልተናገሩም፤ የአሥር በመቶ ተጨማሪ ግብር የታወጀው በ1968 ነው፣ በዚያን ጊዜ የዋጋ ንረቱ ጀምሯል። የዋጋ ንረት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ቁርጥ ገቢ ያለውን ሰው መሆኑን፣ በየወሩ ጡረታውን ተቀብሎ ወደ ጤፍ ተራ ለሚወርድ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ኒክሰን በ1972 ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ተጉዘው ከሁለቱ ባላንጣዎች ጋር ውጥረቱን አረገቡ። በዚያው ዓመት ጡረታው በሃያ በመቶ እንዲያድግ፣ ከ1975 ጀምሮም ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየጊዜው በራሱ እንዲጨምር የሚያዘውን ሕግ ፈረሙ። በመርሕ ደረጃ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ የእኛ ጡረታ ጭማሪ የሚገኘው በመንግሥት ውሳኔ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ያስቀናል። የስሌቱ ቀመር ግን ለአዳዲስ ጡረተኞች የዋጋ ንረትን ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ስሕተት ነበረበት። ያን ያረሙት፣ የደመወዝ መዋጮውንም ከፍ በማድረግ የሕዝብን ቅሬታ የተቀበሉት በ1977 ካርተር ናቸው፤ በሴፕቴምበር 1978 ግብፅንና እስራኤልን በካምፕ ዴቪድ ያስማሙትም እርሳቸው ናቸው። የሚታወሱት ግን በቴህራን ለ444 ቀናት በታገቱት አሜሪካውያን ነው። ካርተርን የጠቀሱት ወዳጅዎ ከሚታሰበው በላይ እውነት አላቸው።

አሁን እንግዳችሁ ወደ መረጣቸው ወደ ሬገን። በ1981 ቀድመው ጡረታ የሚወጡ ሰዎችን ክፍያ በድንገት ለመቀነስ ሐሳብ አቅርበው ሴኔቱ 96 ለ0 በሆነ ድምፅ ተቃወማቸው። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ፓርቲዎች ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን አቋቁመው፣ ከተቃዋሚው አፈ ጉባኤ ከቲፕ ኦኒል ጋር ተስማምተው፣ በአፕሪል 1983 የማሻሻያውን ሕግ ፈረሙ፤ ሙሉ ጡረታ የሚገኝበት ዕድሜ ከ65 ወደ 67 በጥቂት በጥቂቱ እንዲያድግ፣ ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው ጡረተኞችም ከጡረታቸው ላይ ግብር እንዲከፍሉ ተደረገ። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው 67 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ በ1983 ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት የውሳኔውን ሙሉ ክብደት የሚያየው በ2027 ነው። መራራ ቢሆንም ለሁሉም የተነገረ ውሳኔ ነበር። በደህንነት በኩል በ1987 ከጎርባቾቭ ጋር የመካከለኛ ርቀት ኑክሌር ሚሳይሎችን ያስወገደውን ስምምነት ፈርመዋል፤ የሠራዊቱን መስፋፋት ወጪ ግን ግብር ቀንሰው ሳለ ያከናወኑት በመሆኑ፣ የአገሪቱ ዕዳ በስምንት ዓመት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አደገ። ስለዚህ እንግዳችሁ በጡረታው ከኦኒል ጋር አጋርቶ ቢያመሰግናቸው እስማማለሁ፤ በወጪው ግልጽነት ግን አይዘንሃወርን አስቀድማለሁ፣ ቀጥሎም ካርተርን።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአገራችን የጡረታ ሕግ ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ፣ አሠሪው መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛ 11 በመቶ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል ግን 25 በመቶ ያዋጣል። የወታደርን ዕድሜና አካል የሚበላውን አገልግሎት ያገናዘበ ልዩነት ነው፤ በጣና ዳር ወጋችሁ ላይ ቢነሳ ከሬገን ይልቅ ብዙ የሚያነጋግራችሁ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አባቴ በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ ዜግነትም አግኝቷል። አሁን ተመልሶ ከእኛ ጋር በባሕር ዳር ሊኖር ይፈልጋል፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንት በተለወጠ ቁጥር «ይቆርጡብኛል» እያለ ይሰጋል። ስጋቱ ልክ ነውን?
ልጃቸው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህታችን፣ ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን የጡረታውን ሕግ ሊለውጡ አይችሉም፤ ኮንግረሱ ማጽደቅ አለበት። ጆርጅ ቡሽ ልጅየው በ2004 ዳግመኛ ተመርጠው፣ ፓርቲያቸውም ሁለቱን ምክር ቤቶች ይዞ ሳለ፣ በ2005 የመዋጮውን ከፊል ወደ ግል ሂሳብ ለማዛወር ያቀረቡት ሐሳብ ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀርቷል።

አባትዎ አሥር ዓመት ሠርተው፣ ማለትም በማኅበራዊ ዋስትናው አቆጣጠር አርባ የሥራ ነጥብ ከሞሉ መሠረታዊውን መስፈርት አሟልተዋል፤ ዜጋ በመሆናቸውም ክፍያቸውን በኢትዮጵያ ሆነው ሊቀበሉ ይችላሉ። ዜግነት ያልያዘ ሰው ቢሆን ግን ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ሲቆይ ክፍያው ሊቋረጥ የሚችልበት ደንብ ስላለ፣ ጎረቤት ሲጠይቅዎ ይህን ልዩነት ይንገሩ። እርሳቸውን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገርም አለ፦ በሌላ አገር ጡረታ የሚያገኙ ሰዎች የአሜሪካ ጡረታቸው የሚቀነስበት ደንብ ለአርባ ዓመት ያህል ሲሠራ ቆይቶ፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 በፈረሙት ሕግ ተሽሯል፤ መሻሩም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ላሉት ክፍያዎች ይሠራል። ከዚህ ቀደም ተቀንሶባቸው ከነበረ መስተካከሉን ይጠይቁ።

ሊሰጉ የሚገባቸው በሁለት ነገር ነው። ሜዲኬር በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግን ሕክምና አይከፍልም፤ ስለዚህ በባሕር ዳር ለሚያስፈልጋቸው ሕክምና ከአሁኑ ገንዘብ ይለዩ። ሁለተኛው፣ የጡረታው ፈንድ መጠባበቂያ በ2033 ገደማ እንደሚያልቅ የፈንዱ ባለአደራዎች መተንበያቸው ነው። ያን ጊዜ ክፍያው አይጠፋም፤ በሚገባው መዋጮ ብቻ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ይከፈላል። ቀሪውን ለመሙላት እንደ 1983ቱ ያለ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባውም ይህንኑ በምን እንደሚሞላው ነው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ራሳቸው ጡረታ አላቸውን?
የኮሌጅ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እስከ 1958 ድረስ አልነበራቸውም። ትሩማን ከሥልጣን ወርደው ወዳደጉባት ከተማ ሲመለሱ የነበራቸው ጡረታ የውትድርናው ብቻ ስለነበር፣ ኮንግረሱ በዓመት 25,000 ዶላር የሚያስገኝ ሕግ አወጣ፤ ዛሬ ክፍያው ከአንድ የካቢኔ ሚኒስትር ደመወዝ ጋር እኩል ነው። ጥበቃቸውን በተመለከተ፣ በ1994 የወጣ ሕግ ከ1997 በኋላ ሥልጣን ለሚይዙት ጥበቃው ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ ኦባማ በጃንዋሪ 2013 በፈረሙት ሕግ እንደገና የዕድሜ ልክ ሆኗል። ኒክሰን በበኩላቸው በ1985 ጥበቃውን በፈቃዳቸው ትተዋል። በአገራችንም ከኃላፊነት የሚነሱ የአገርና የመንግሥት መሪዎች የሚያገኟቸው መብቶችና ጥቅሞች በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 653 ተደንግገዋል፤ የሕግ ተማሪ ከሆኑ ከአሜሪካው ሕግ ጋር አስተያይተው ቢያነቡት መልካም ነው።