ሥራ ልልቀቅና ልብ ወለዴን ልጨርስ?

ውድ ጠያቂያችን፣

የ27 ዓመት የሂሳብ ባለሙያ ነሽ። ከፓሪስ ቬኒስ በሚሄድ የቅንጦት ባቡር ላይ የሚጠነሰስ የፍቅር ልብ ወለድ ጀምረሽ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ቆመሻል። ሥራ ለቀሽ በስድስት ወር ልትጨርሺው አስበሻል፤ በእጅሽ ያለው ግን የአራት ወር ወጪ ነው። አባትሽ ደግሞ «ይህን ተረት ትተሽ ሁለተኛ ዲግሪሽን ያዢ» ብለዋል።

ሥራሽን አትልቀቂ። የአራት ወር ስንቅ ይዞ የስድስት ወር መንገድ የሚጀምር ሰው ሂሳቡን ቢያሳይሽ በቀይ ታሰምሪበት ነበር። ያውም በስድስተኛው ወር መጨረሻ የምትይዢው ረቂቅ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ረቂቁን ራስሽ እንደገና ትጽፊዋለሽ፤ ከዚያ አርታኢ ይገባበታል፣ የፊደል እርማት፣ የገጽ ቅንብርና ሽፋን ይከተላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣበት እንጂ የሚገባበት ጊዜ አይደለም።

ደግሞም የቆምሽው ጊዜ አጥተሽ አይመስለኝም። የላክሽውን የታሪክ አጽም እንደ ሂሳብ መዝገብ ተመልከቺው። ሁለቱ ሰዎች ባቡሩ ላይ ተዋውቀው፣ ባቡሩ ላይ ተጣልተውና ታርቀው፣ ሳይወርዱ ለትዳር ቃል ሊገባቡ ነው። የመረጥሽው መስመር ግን አንድ ሌሊት ታድሮ በማግሥቱ የሚደረስበት ነው። እንቅልፉን፣ መልበሱንና ብቻቸውን የሚሆኑበትን ሰዓት ስትቀንሺ አብረው የሚያሳልፉት ከሰባትና ስምንት ሰዓት አይበልጥም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ቁርስ ቀርቧል፤ ሰዓቱ አልቆብሻል። ስድስት ወር ቤት ብትቀመጪም ቁርሱ እዚያው ይጠብቅሻል።

መውጫው ሦስት ነው። ባቡሩን በበረዶ ማስቆም ይቻላል፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ዝነኛው የቅንጦት ባቡር ኦሪየንት ኤክስፕረስ ቱርክ ውስጥ ቼርኬዝኮይ አጠገብ ለቀናት በበረዶ ተይዞ ነበር፤ ግን አንባቢ ይህን ከለመደው ቆይቷል። ረጅም መስመርም አለ፤ የደቡብ አፍሪካው የሮቮስ ሬይል የቅንጦት ባቡር ከኬፕታውን እስከ ዳሬሰላም ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ችግሩ ዘጠኙን ምዕራፍ ያስጥልሻል። እኔ የምመርጥልሽ ሦስተኛውን ነው፦ ሁለቱ ከዓመታት በፊት የሚተዋወቁ፣ ሳይሰነባበቱ የተለያዩ ይሁኑ። ያኔ አንድ ሌሊት አያንስም፤ እንዲያውም ይበዛባቸዋል። ለዚህ የሚቀየረው የመጀመሪያው ምዕራፍና ጥቂት ምልልስ ብቻ ነው።

ቀጣዩን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሥሪ፦ ሰዓቱ፣ ባቡሩ የት እንደደረሰ፣ ማን የትኛው ፉርጎ ውስጥ እንዳለ፣ በመስኮት ምን ብርሃን እንደሚገባ። ከዚያ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 400 ቃል። የቀረሽ 40,000 ቃል ከሆነ በሳምንት 2,000 እየሄድሽ በ20 ሳምንት ይዘጋል፤ ሥራ ለቀሽ ካሰብሽው ያነሰ ጊዜ ማለት ነው። ይህ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጸሐፊው በየማታው ወደ ምዕራፍ አንድ ተመልሶ ዓረፍተ ነገር ሲያሽሞነሙን ነው። ማረም ያለብሽን በሌላ ደብተር ጻፊና ወደ ፊት ሂጂ።

ባቡሩን ሳልሳፈርበት ልጽፍ እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ ትችያለሽ፤ ግን የክፍሉን አሠራር እወቂ። ዛሬ በዚያ መስመር የሚሄዱት አሮጌ የመኝታ ፉርጎዎች የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ናቸው። በተለመዱት ክፍሎች የፊት መታጠቢያ ብቻ አለ፤ መጸዳጃው ፉርጎው ጫፍ ላይ ነው፤ ሻወር ያላቸው ውድዎቹ ስዊቶች ናቸው። ስለዚህ ምዕራፍ አራት ላይ ጀግናሽ የምትታጠብበት ሻወር የለም። በምትኩ ይህ አለልሽ፦ ተሳፋሪው እራት ላይ ሳለ አስተናጋጁ ሶፋውን ወደ ተደራራቢ አልጋ ይለውጠዋል። ሶፋ ትታ የወጣች ሴት ተመልሳ ሁለት የተነጠፉ አልጋዎች ታገኛለች። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ጫፉ ላይ ደግሞ ለማሞቂያው የድንጋይ ከሰል የሚጨምረው አስተናጋጅ አለና ማንም ሳይታይ ወደ ማንም ክፍል አይገባም። ከጨረቃው መግለጫሽ ይልቅ ይህ ይሻልሻል። ለባቡሩ የፈጠራ ስም ስጪው፤ ከእውነተኛው የጊዜ ሰሌዳ ጋር ማንም አያመሳክርሽም።

ስለ ሁለተኛ ዲግሪው በግልጽ ልንገርሽ። ክፍያው ካንቺ ደመወዝ የሚወጣ ከሆነ ውሳኔው የአባትሽ አይደለም። አክብሪያቸው፣ ነገር ግን አለቃሽ ዕድገቱን በዲግሪ ካላሰረው በቀር ለእሳቸው ደስታ ብለሽ አትመዝገቢ።

ከሂሳብ መውጣት የምር ከፈለግሽ በሩ በልብ ወለዱ በኩል ሳይሆን በእርማት ሥራ በኩል ይመስለኛል (ለዚህ ሙያ እንደማዳላ አልደብቅሽም)። ቁጥር የለመደ ዓይን የተደገመ ቃልና የተዛነፈ ገጽ አያልፈውም። ቅዳሜና እሑድ አጫጭር ጽሑፎች በገጽ ተስማምተሽ አርሚ፤ ገጹን በስንት ደቂቃ እንደምትጨርሺ መዝግቢ። በሰዓት የምታገኚው ከደመወዝሽ የሰዓት ሂሳብ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ መልቀቂያ አትጻፊ።

የብዕር ስም ላልሽው፣ ተጠቀሚ፤ ውሉ ላይ ግን ሕጋዊ ስምሽ ይግባ። ሻወሩን ዛሬ ማታ አውጪው።