ከመሠረት ቁፋሮ የወጣው ጋን የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ከአያቶቼ በወረስኩት ይዞታ ላይ ሰው ከለቀቀው ብዙ ዘመን የሆነው የድሮ ገበሬ ግቢ አለ። የቀረው የቤቱ የድንጋይ መሠረትና የበረቱ ካብ ነው። ለመጋዘን ስናስቆፍር አመድ ካለበት አፈር ውስጥ ብዙ ገል፣ የተሰበረ ምጣድና እስከ አንገቱ የተቀበረ ሙሉ ጋን አገኘን። አንድ ነጋዴ ጋኑን ሽጥልኝ እያለኝ ነው። መሬቱ የኔ ከሆነ ዕቃውስ የኔ አይደለም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት ቁፋሮውን ያስቁሙ።

ይዞታው የእርስዎ መሆኑ ከሥሩ የወጣውን የእርስዎ አያደርገውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እርስዎ ያለዎት የመጠቀም መብት ነው። ዕቃውን የሚመለከተው ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። አዋጁ ግለሰብ ቅርስ በባለቤትነት እንዲይዝ ስለሚፈቅድ፣ ከአያትዎ የወረሱት ጀበና ቢኖር አይከለከሉም። ድንገት ከመሬት የወጣ ቅርስ ግን በአንቀጽ 41 ይታያል። በግንባታም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ፣ እስኪረከቡትም እንዳለ ጠብቆ ማቆየት አለበት።

ገል ደግሞ ምን ቅርስ ነው ይሉኝ ይሆናል። አዋጁ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊና የእደ ጥበብ ዋጋን ያያል፤ ያንን የሚመዝነው ባለሙያ እንጂ እኔም እርስዎም ነጋዴውም አይደለንም። የገሉ ከንፈር ቅርጽ፣ በምጣዱ ላይ የቀረው ጥላሸት፣ ጋኑ ከየትኛው ግድግዳ አጠገብ እንደተቀበረ፣ ይህ ሁሉ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ገበሬዎች ምን በልተው፣ ምን ጠምቀው እንደኖሩ ይናገራል። ጋኑ ከቦታው ከተነሳ ግማሹ ታሪክ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አይጠቡት፣ አይልቀሙት፣ በሸራ ሸፍነው ፎቶ ያንሱት። ሌላም ይኖራል ብለው ራስዎ መቆፈር ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

ማሳወቂያውን በጽሑፍ ያድርጉ። አንዱን ለባለሥልጣኑ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስገቡና ማኅተምና ቀን ያለበት ቅጂ ይያዙ። ይህ ወረቀት ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሁኔታውን ዘርዝረው ለክልሉ ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ከኃላፊነት መውጣት ይችላሉ። ግንባታው ለዘላለም ይቆማል ብለው አይስጉ።

ሌላም ብዙዎች የማያውቁት አለ። ቅርሱን ያስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲያገኝና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት አዋጁ ይደነግጋል። የዘበኛውንም የሸራውንም ደረሰኝ ያስቀምጡ። ይህን ባለማወቅ ጉድጓዱን በሌሊት የሚደፍኑ ሰዎች መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ቅርስ መስረቅም ሆነ ሆን ብሎ ማበላሸት በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከነጋዴው ቀብድ ተቀብለው ከሆነ ምስክር ባለበት፣ በጽሑፍ አስፈርመው ዛሬውኑ ይመልሱለት።