የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሃሪ ቤላፎንቴ ዘፋኝ ነበር ወይስ ተዋናይ?

ጥያቄ፦ «ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋር መቋጫ ያጣ ክርክር ይዘናል። እኔ ሃሪ ቤላፎንቴን የማውቀው በወጣትነቴ በሬዲዮ በሰማሁት ድምፁ ነው። በቅርቡ ግን ‹ካርመን ጆንስ› የተባለውን የጥንት ፊልም አብረን ስናይ፣ ሲዘፍን የሚሰማው ድምፅ ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ። ጓደኛዬ ‹ድምፁ የእሱ አይደለም› አለኝ፤ እኔ ደግሞ ‹በዓለም የታወቀ ዘፋኝ ሆኖ ሳለ ስለምን ሌላ ሰው ይዘፍንለታል?› ብዬ ሞገትሁት። ማንኛችን ነን ልክ? ለመሆኑስ ሰውየው የጀመረው በዘፈን ነው ወይስ በትወና?» (ከደሴ)

መልስ፦ በክርክሩ ጓደኛዎ ረትተዋል፤ የእርስዎም ጆሮ ግን አላታለለዎትም። በ1954 የወጣው «ካርመን ጆንስ» (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፈረንሳዊው ጆርጅ ቢዜ ከደረሰው ኦፔራ የተወሰደ ሲሆን፣ ኦስካር ሐመርስታይን አዲስ ግጥም ጽፎለት ታሪኩን ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ሕይወት አዙሮታል። ዜማው ግን የቢዜ እንደሆነ ስለቀረ፣ በኦፔራ ትምህርት የተገራ ድምፅ ይጠይቅ ነበር። የቤላፎንቴ ድምፅ ደግሞ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ከአድማጩ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወጋ የሚመስል እንጂ፣ ያለ ማጉያ አዳራሽ ሙሉ የሚያናውጥ ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ሌቨርን ሃቸርሰን የተባለ ድምፃዊ ዘፈነ፤ ቤላፎንቴ አፉን ከእሱ ድምፅ ጋር እያገጣጠመ ተወነ። የካርመንን ሚና የተጫወተችው ዶሮቲ ዳንድሪጅም ራሷ የምሽት ክበብ ዘፋኝ ሆና ሳለ፣ የእሷን ድርሻ የዘፈነችላት በኋላ በኦፔራ ስሟ የገነነው ማሪሊን ሆርን ናት። ዳንድሪጅ በዚሁ ፊልም በዋና ተዋናይትነት ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ ለዕጩነት ያበቃት እንግዲህ ዘፈኑ ሳይሆን ትወናው ነው።

የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ከትወና ይጀምራል፤ ለእኔ ይበልጥ የሚጥመኝም ይኸኛው ነው። ቤላፎንቴ መጋቢት 1 ቀን 1927 በኒውዮርክ ሐርለም ከካሪቢያን ስደተኞች ተወለደ፤ ከልጅነቱም ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው በእናቱ አገር በጃማይካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎ ሲመለስ፣ የመኖሪያ ሕንፃ ጠጋኝና ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን በአንዲት ተከራይ ቤት አንድ ነገር ጠግኖ፣ በጉርሻ መልክ የተሰጠው ገንዘብ ሳይሆን የቴአትር መግቢያ ቲኬት ነበር። ቴአትሩን ያየው በሐርለም በነበረው በአሜሪካ የጥቁሮች ቴአትር ሲሆን፣ ከዚያች ምሽት በኋላ ወደዚያው ቤት እየተመላለሰ መድረክ በማዘጋጀት፣ ቆይቶም በመተወን ሠራ።

እዚያ ያገኘው ጓደኛው በኋላ በፊልም ተዋናይነት ስሙ የገነነው ሲድኒ ፖይቲየር ነው። ሁለቱ በልደት የሚበላለጡት በ9 ቀን ብቻ ነበር፤ ድህነታቸውም እኩል ነበር። የሁለት ሰው ቲኬት መግዣ ሲያጡ አንድ ገዝተው፣ አንዱ የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ በዕረፍት ሰዓት ይወጣና የሆነውን ለጓደኛው ይተርክለታል፤ ሌላው በዚያው ቁራጭ ገብቶ ፍጻሜውን ያያል። ቤላፎንቴ ደጋግሞ የሚያወጋው ሌላም ታሪክ አለ፦ እሱ ዋና ተዋናይ፣ ፖይቲየር ደግሞ ተጠባባቂው በሆነበት ቴአትር፣ አንድ ምሽት ቤላፎንቴ የሕንፃውን ቆሻሻ ለማውጣት ተገድዶ ይቀራል። በእሱ ቦታ የገባውን ፖይቲየርን የዚያን ዕለት አንድ አዘጋጅ አይቶት የኒውዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ወዳሉበት ወደ ብሮድዌይ ወሰደው። ቤላፎንቴ የጓደኛውን ዝና ያመጣው የቆሻሻ መጣያ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድበት ኖሯል።

በኋላም ጀርመናዊው ኤርቪን ፒስካቶር በሚመራው የድራማ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ ማርሎን ብራንዶ ነበር። ወደ ዘፈን የገፋው እንግዲህ የትምህርት ቤት ክፍያና የዳቦ ጥያቄ ነው። በ1949 «ሮያል ሩስት» በተባለ የጃዝ ክበብ በዕረፍት ሰዓት እንዲዘፍን ዕድል ሲሰጠው፣ በመጀመሪያው ምሽት ሳይጠሩ መድረክ ላይ ወጥተው ያጀቡት ቻርሊ ፓርከር፣ ማክስ ሮች፣ ቶሚ ፖተርና አል ሄግ ናቸው። ለጀማሪ ዘፋኝ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አይገኝም። ሆኖም የዘመኑን የፍቅር ዘፈን እያዜመ ጥቂት እንደሠራ ራሱን እንደ ሐሰተኛ ቆጠረና ተወው፤ ከጓደኞቹ ጋር ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ከዚያም በዋሽንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተቀረጹ የሕዝብ ዘፈኖችን ማጥናት ያዘ። የእስረኞች፣ የወደብ ሠራተኞችና የአጫጆች ዜማ ተዋናይነቱን አነቃበት፤ እያንዳንዱ ዘፈን ባለታሪክ፣ ቦታና ሰዓት ያለው ትንሽ ቴአትር ነውና። በእኔ ግምት የቤላፎንቴ ዘፋኝነት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከእሱ የሚልቅ ድምፅ ያላቸው ብዙዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ዘፈኑን እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ለብሶት ይወጣ ነበር።

ጥያቄ፦ «ያ ‹ዴይ ኦ› እየተባለ የሚዘፈነው የሙዝ ዘፈን የሠርግ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?» (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም፤ እኔም ዜማው ደስ ስለሚል ብቻ ለብዙ ዓመት የጭፈራ ዘፈን አድርጌ ስሰማው ኖሬአለሁ። የጃማይካ ወደብ ሠራተኞች ሌሊቱን ሙሉ ሙዝ በመርከብ ሲጭኑ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ዘለላውን የሚቆጥረው ሰው መጥቶ እንዲቆጥርላቸውና ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ የሚለምኑበት የሥራ ዘፈን ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በደቦ አጨዳ ላይ የዋለ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ቋንቋውን ባያውቅም ሥርዓቱን ወዲያው ይለየዋል። ዘፈኑ የተካተተበት «ካሊፕሶ» የተባለው የ1956 አልበም ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ ሰንጠረዥ 31 ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው የአንድ ድምፃዊ አልበም እንደሆነ ይነገርለታል። ከዘፈኖቹ አብዛኞቹን ያሰናዳው አባቱ አሜሪካዊ፣ እናቱ የባርቤዶስ ተወላጅ የሆነው ኧርቪንግ በርጊ ነው።

ጥያቄ፦ «ይህን ያህል መልከ መልካምና ዝነኛ ሆኖ ሳለ በ1960ዎቹ ፊልም ላይ ለምን ጠፋ? ያልተፈለገ ሆኖ ነው?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያልፈለገው እሱ ነው። ከ1959 እስከ 1970 ድረስ ቤላፎንቴ በአንድም የሆሊውድ ፊልም ዋና ሆኖ አልሠራም፤ የሚቀርቡለትን ድርሰቶች እያነበበ ይመልስ ነበርና። «ፖርጊ እና ቤስ» የተባለውን የዘፈን ፊልም የጥቁሮችን ክብር ዝቅ ያደርጋል ብሎ እምቢ ሲል ሚናውን ፖይቲየር ወሰደው፤ ለዜማ ጆሮ የሌለው ፖይቲየርም በሌላ ሰው ድምፅ «ዘፈነ»። ዘፋኙ ትቶት መዝፈን የማይችለው መያዙ የዘመኑን ፊልም አሠራር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ለፖይቲየር ኦስካር ያስገኘለትንም ሚና ቀድሞ የመለሰው ቤላፎንቴ ነበር፤ ጥቁሩ ሰው የራሱ ታሪክ፣ ቤተሰብና ፍላጎት የሌለው ደግ አገልጋይ ብቻ ሆኖ ተሥሏል የሚል ነበር ቅሬታው። ሁለቱ በዚህ ተቀያይመው ያውቃሉ፤ ጓደኝነታቸው ግን እስከ ሞት ዘልቋል።

ይህን ለማለት የደፈረው የዘፈኑ ገቢ ስላስቻለው ነው። በኮንሰርትና በሸክላ የሚያገኘው ገንዘብ ከፊልም ኩባንያዎች ፊት ደጅ ከመጥናት አወጣው፤ ተርፎም የጥቁሮችን የመብት ትግል ደገፈ። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በ1956 ከተዋወቁ በኋላ የኒውዮርክ ቤቱ ለኪንግ ማረፊያና መመካከሪያ ሆኗል፤ በ1963 በበርሚንግሃም የታሰሩት ሰልፈኞች የተፈቱበትን የዋስ ገንዘብ ካሰባሰቡት አንዱም እሱ ነበር። በ1964 ክረምት ሚሲሲፒ ውስጥ የመራጮች ምዝገባ የሚያካሂዱ ወጣቶች ገንዘብ አልቆባቸው ሲጨነቁ፣ 70 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ግሪንዉድ በአውሮፕላን ሄደ። ብቻውን ለመሄድ ስለፈራ ፖይቲየርን አግባብቶ ወሰደው፤ ከማረፊያው ወደ ከተማው ሲጓዙም በጨለማ የዘረኞች መኪና ከኋላ እየገጨ አሳድዷቸዋል። ፊልም ላይ ጠፋ በተባለበት ዘመን የነበረበት ቦታ እንግዲህ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ «በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ልጅ ነበርሁ። የአሜሪካ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ በአንድነት የዘፈኑትን ዘፈን ሐሳብ ያመነጨው ቤላፎንቴ ነው ሲባል ሰማሁ፤ በቪዲዮው ግን ለብቻው ሲዘፍን አይታይም። ወደ አገራችንስ መጥቶ ያውቃል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። በረሀብ የሚያልቀውን የወገናችንን ምስል በቴሌቪዥን ካየ በኋላ፣ በ1984 ማለቂያ ላይ የአሜሪካ ጥቁር አርቲስቶች አንድ ነገር እንዲያደርጉ የሥራ አስኪያጅነት ሙያ ያለውን ኬን ክሬገንን ያነጋገረው እሱ ነበር። የእሱ የመጀመሪያ ሐሳብ ኮንሰርት ሲሆን፣ ክሬገን እንግሊዛውያን ጥቂት ቀደም ብለው እንዳደረጉት በዘፈን ይሻላል አለ። ላየነል ሪቺና ማይክል ጃክሰን ደረሱት፣ ኩዊንሲ ጆንስ መራው፤ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት በሆሊውድ ስቱዲዮ ከ40 በላይ ዘፋኞች ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ቀረጹ። ቤላፎንቴ ከኋላ ከተቀባዮቹ ጋር ቆሞ ነበር። ነጠላ ድምፅ ስላልተሰጠው ቅር አለው ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ በዚያው ሌሊት የሆነው ግን ሌላ ነው። በሥራው መሐል ዘፋኞቹ በድንገት የእሱን የሙዝ ዘፈን አንሥተው በአንድ ድምፅ ይዘፍኑለት ጀመር፤ እሱም እየሳቀ ያወጣላቸው ነበር። ቀረጻው አለ፤ ቢፈልጉት ያገኙታል።

ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። በሰኔ 1977 ዓ.ም. ከዘፈኑ በተገኘ ገንዘብ የተገዛው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሲላክ፣ ገንዘቡን ከሚያስተዳድረው ድርጅት ልዑካን ጋር መጥቶ የተጎዱትን ሰዎች በመጠለያቸው ጎብኝቷል። ስለ ድርቁ የሚያወሩ የውጭ ዝነኞች ብዙ ነበሩ፤ ቤላፎንቴ ከእነርሱ የሚለየው ከዚያም ወዲህ ነገሩን ባለመተዉ ነው። በ1987 የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ ስለ አፍሪካ ሕፃናት ሲሠራ ቆይቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ በአሜሪካ መድረክ እንድትታወቅ ያደረገ፣ ከእሷ ጋር በሠራው አልበምም ግራሚ የተባለውን የሙዚቃ ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ አፍሪካን በ1977 ዓ.ም. ነው ያወቃት ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ «ዘፈኖቹን ሰምቻለሁ፤ ፊልሞቹን ግን አላየሁም። ከየትኛው ልጀምር?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኔ ብሆን ሮበርት ዋይዝ በ1959 ካዘጋጀው «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው» እጀምር ነበር። ቤላፎንቴ በራሱ ኩባንያ አማካይነት ያሠራው ፊልም ነው፤ በወቅቱ በኮሚኒስትነት ተወንጅሎ ስሙ በጥቁር መዝገብ ለሰፈረው ለአብርሃም ፖሎንስኪ ድርሰቱን ያጻፈው እሱ ሲሆን፣ በፊልሙ ላይ የጸሐፊው ስም በሌላ ሰው ስም ተተክቶ ነበር የወጣው። ቤላፎንቴ የሚጫወተው የቁማር ዕዳ አንቆ ይዞት ባንክ ለመዝረፍ ከአንድ ዘረኛ ነጭ ጋር የሚተባበርን የምሽት ክበብ ሙዚቀኛ ነው። በክበቡ ውስጥ የሚዘፍንበት ትዕይንት አለ፤ ድምፁም የራሱ ነው። ያው ባለዕዳ ገጸ ባሕርይ ሰክሮ፣ የሌላ ዘፋኝን ዘፈን እያቋረጠ ሲዘፍን የሚሰማው ያ የተበላሸ ድምፅ ሆን ተብሎ የተተወነ ነው፤ የደሴው ጠያቂያችን ይህን ትዕይንት ከ«ካርመን ጆንስ» ጋር ቢያስተያዩት ደስ ይለኛል።

ከዚያ በ1996 በሮበርት አልትማን «ካንሳስ ሲቲ» የወንበዴ አለቃ ሆኖ የሠራውን ይመልከቱ፤ የኒውዮርክ ፊልም ተቺዎች በረዳት ተዋናይነት ሸልመውበታል። ሽልማት ካነሣን፣ የቴአትሩን ሽልማት ቶኒን በ1954፣ የቴሌቪዥኑን ኤሚን በ1960 ሲያገኝ ኦስካርን ግን ያገኘው በ2014 ለሰብአዊ አገልግሎት በሚሰጠው የክብር ሽልማት እንጂ በትወና አይደለም። የመጨረሻ ፊልሙ በ2018 የወጣው የስፓይክ ሊ «ብላክክላንስማን» ነው። ቤላፎንቴ ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ96 ዓመቱ ከማረፉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በዚያ ፊልም ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሆኖ፣ በ1916 በቴክሳስ ዌኮ ከተማ ጄሲ ዋሽንግተን የተባለ ጥቁር ወጣት በአደባባይ እንዴት እንደተገደለ ዙሪያውን ለተቀመጡ ተማሪዎች ይተርካል። አይዘፍንም፤ በዚያ በሻከረ ድምፁ በቀስታ ይናገራል።